ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር

አያቴ መታወቂያዋን ልታሳድስ ቀበሌ ስትሄድ አጅቤያት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። 1980ዎቹ መገባደጃ ላይ ነው። መዝጋቢው ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነበር። ቀና ሳይል «ዕድሜዎ ስንት ነው፣ እማማ?» አላት።

«ጣልያን ሲወጣ ድክ ድክ እል ነበር» አለችው።

ልጁ ብዕሩን አንሥቶ ጣራ ጣራውን አየ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ከ1933 ላይ እየቀነሰ ነው። «እንግዲህ 1932 ልበለው?»

«አንተ ታውቃለህ የኔ ልጅ፤ እኔማ ያኔ ሕፃን ነበርኩ።»

ቀንና ወር የሚሞላበት ቦታ ላይ መስከረም 1 ብሎ ጻፈላት። ያንን መዝገብ የገለጠ ሰው የካዛንቺስ እናቶች በሙሉ የእንቁጣጣሽ ዕለት የተወለዱ ይመስለዋል።

ያን ቀን እየሳቅኩ ወጣሁ። የሳቄን ያገኘሁት አምና ነው። የቤተ ዘመድ ቡና ላይ ስለ ድሮ ዳቦ ሳወራ «ስሙኒ» የምትል ቃል አመለጠችኝ። የእህቴ ልጅ ከስልኳ ቀና ብላ «ጋሼ፣ ስሙኒ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሃያ አምስት ሳንቲም ነው ስላት «በቃ፣ ዕድሜህ ታወቀ!» ብላ ቤቱን በሳቅ ሞላችው። ልክ ናት። እኛ ሰፈር ሰው ዕድሜውን የሚናገረው በልጅነቱ ነው፦ ምን አየ፣ በስንት ምን ገዛ፣ አደባባዩን ምን ብሎ ይጠራል። ነገሩ እንዲህ ከሆነ ከታላላቆቹ ልጀምር።

ከሁሉ የቆየው መለኪያ ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። አሁን የምናውቀው የጣቢያ ሕንፃ የተመረቀው ደግሞ በ1922። ፈረንሳዮቹ «ላ ጋር» ያሉት በእኛ አፍ «ለገሀር» ሆነ። እንደ ለገጣፎና ለገዳዲ የኦሮምኛ ስም ነው ብሎ የተከራከረኝ ሰው አለ፤ አልፈርድበትም፣ ስሙ ጨርሶ ተዋህዶናል። «ባቡር ሲገባ ልጅ ነበርኩ» የሚሉ ሽማግሌዎች እኔ ሳድግ ጥቂት ነበሩ። ባቡሩ በገባ በሁለት ዓመቱ፣ በ1911፣ ዓለምን የፈጀው ኢንፍሉዌንዛ ከተማዋን መታ። «የኅዳር በሽታ» የሚባለው እሱ ነው። ያኔ የተወለደ ሰው ዓመተ ምሕረት አያስፈልገውም፤ «በኅዳር በሽታ ዓመት» ካለ አበቃ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን በየደጃፉ ቆሻሻ ተሰብስቦ ሲቃጠል፣ እኛ ልጆቹ በጭሱ ላይ ስንዘል፣ ስለ ምን እንደምናጥን የነገረን ግን አልነበረም። የኋላ ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ።

ጣልያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ነው። ለአምስት ዓመት ቢቆይም ለሰፈራችን ስሙን ትቶለት ሄደ። ፋሺስቶቹ ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት የሚሠራ አንድ ተቋም ነበራቸው፤ የስሙ የመጀመሪያ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ኢንቺስ» ይሆናል። ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ» ተባሉ፣ ሕዝቡ አላምጦ «ካዛንቺስ» አደረገው። ተራ ሠራተኛው የሚኖርበት ደግሞ «ካዛ ፖፖላሬ» ነበር፤ እሱም ወዲያ ከለገሀር በስተጀርባ ባለው ሰፈር ላይ እስከዛሬ «ፖፖላሬ» ሆኖ ቀርቷል። አንድ የቢሮ ምሕጻረ ቃል የስንት ሺህ ሰው «የት ሰፈር ነህ?» መልስ ሆኖ ሲቀር ሳስበው ይገርመኛል። ከቤቶቹ ጋር ቃላቸውም ገባ፦ ካልሲ፣ ጎማ፣ ቦርሳ፣ ፉርኖ። እኛ በኋላ በአሮጌ ካልሲ ጨርቅ ጠቅጥቀን ኳስ ስንሠራ፣ በአሮጌ ጎማ በእንጨት እየመታን ስንሮጥ፣ የማን ቋንቋ እየተጫወትን እንደሆነ ማን ያውቅ ነበር?

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ። አያቴ ድክ ድክ የምትለው እንግዲህ ያኔ ነው። የእሷ እኩዮች የሚታወቁባት አንዲት ምልክት አለች፤ ለገሀር ፊት ለፊት ያለውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት በልጅነታቸው አላዩትም። ለዘውድ በዓሉ በ1923 የቆመው አንበሳ በወረራው ጊዜ ተነቅሎ ሮም ተወስዷል፤ ዘርዓይ ደረስ በ1930 ጎራዴ የመዘዘው እዚያው ሮም፣ እሱን አይቶ ነው። ብዙ ዓመት ከርሞ ሲመለስ እነ አያቴ ትልልቅ ሰዎች ሆነዋል። ስለዚህ «አንበሳው ሲመጣ አስታውሳለሁ» የሚል አንድ ትውልድ ነው፣ «አንበሳው እዚያው ነበር» የሚል ሌላ።

ሳንቲሞቹም የመጡት በዚያ ዘመን ነው። ነፃነት በተገኘ ማግስት እንግሊዞች ያመጡት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ገበያውን ሞልቶት ነበር። በሐምሌ 1937 የኢትዮጵያ ብር በአዲስ መልክ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት ሽልንግ ተመነዘረ። ሽልንጉ ከገበያ ወጣ፣ ስሙ ግን ሃምሳ ሳንቲሙ ላይ ተለጥፎ ቀረ። «ሽልንግ ስጠኝ» የሚል ሰው ዛሬ ቢገጥማችሁ ከስሙኒው ሰው ጋር ደምሩት።

እናቴ የተወለደችው በ1948 ነው፤ ንጉሡ የነገሡበት ሃያ አምስተኛ ዓመት በተከበረበት፣ የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በተሠራበት ዓመት። የእሷ ልጅነት የሰፈሩ ደግ ዘመን ነው ብል አላጋነንኩም። ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለች፣ 1953 ሊጠባ አንድ ሌሊት ሲቀረው፣ ጳጉሜን 5 ቀን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን አሸነፈ። በአዲሱ ዓመት ከእንቁጣጣሹ አበባ ጋር ወሬው ደረሰ። በዚያው ዓመት ከቤታቸው ቁልቁል፣ በመስቀል አደባባይ አናት ላይ የአፍሪካ አዳራሽ ተመረቀ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ገደማ ሆኖ ግድግዳውን ሞላው። ጥር 13 ቀን 1954 ደግሞ አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደች፤ አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ጎረቤታችን የነበሩ አንድ ሽማግሌ ያን ጨዋታ አጥር ዘለው ገብተው ነው ያዩት። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ የሚመልሱት «መንግሥቱ ወርቁ ያገባ ቀን አጥር ለመዝለል የደረስኩ ነበርኩ» ነው። እናቴ ደግሞ በግንቦት 1955 የ32 አገር መሪዎችና ተወካዮች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ሲመሠርቱ፣ የወረቀት ባንዲራ ይዛ መንገድ ዳር ቆማ እግሯ እንደዛለ ነበር የምታስታውሰው። ስለ ፓን አፍሪካኒዝም ሲወራ «እኔን ያቆመኝ እሱ ነው» ትላለች።

ቴሌቪዥን በ1957 መጣ። በመንደሩ ቴሌቪዥን ያለው ቤት አንድ ነበርና የሰፈሩ ልጅ መስኮቱ ላይ ተደርቦ ያያል። ባለቤቲቱ ከጠገቡ መጋረጃውን ይሰበስቡታል፣ ከከፋቸው ይጋርዱታል። እዚያ ሳጥን ውስጥ አባባ ተስፋዬ ነበሩ። ተስፋዬ ሣህሉ የቴአትር ተዋናይ ናቸው፤ ሴት መድረክ ላይ በማይወጣበት ዘመን ሴት ሆነው የተጫወቱ። «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» ብለው ሰላምታ ይሰጡና ተረት ይጀምራሉ። እሳቸው ግን የዕድሜ መለኪያ አይሆኑም። ከአርባ ዓመት በላይ ስለሠሩ እናቴም አይታቸዋለች፣ እኔም አይቻቸዋለሁ፣ ታናሽ እህቴም። በሐምሌ 2009 ሲያርፉ ሦስታችንም አንድ ላይ «አባባዬ» ብለን አለቀስን።

በ1962 ሂልተን ተከፈተ። የካዛንቺስ ልጅ ሆቴሉን የሚያውቀው በአጥሩ ውጭ ነው፤ ማታ ማታ ዋልያስ ባንድ ሲጫወት ነፋሱ ካገዘ የሳክስፎኑ ድምፅ ይደርሳል። በኋላ ሰዓት እላፊ ሲታወጅ የገባ ሰው እስኪነጋ መውጣት አይችልምና ጭፈራው ጎሕ ሲቀድ ነው የሚያበቃ። የሚገርመው፣ የሰፈሩ ሰው ስለዚያ ሙዚቃ እንደ ራሱ ነገር ነው የሚያወራው፤ አንድ ቀን እንኳ በሩን ያላለፈው ጭምር።

እኔ የተወለድኩት በ1965 ጨርቆስ ነው። መዝገብ ላይ ቂርቆስ ይባላል፤ «ቂርቆስ» የሚለኝን ሰው ግን ከሌላ ሰፈር እንደመጣ ወዲያው አውቃለሁ። ስሙ የመጣው ከቤተ ክርስቲያኑ ነው። ቅዱስ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በፈላ ጋን ውስጥ ተጥሎ ገብርኤል ያዳነው ሕፃን ነው፤ ሦስት ዓመቱ ነበር። በክፍለ ከተማችን ዕድሜው ያለ ክርክር የሚታወቀው እንግዲህ ስሙን የሰጠን ቅዱስ ብቻ ነው።

መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። የተወሰዱት ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር፣ ደርግ ከወራት በፊት ወደተመሠረተበት ግቢ ነው። ከቤተ መንግሥቱ እስከዚያ ያለችው መንገድ አጭር ናት፤ ሁለቱም ጫፍ በእኛው ሰፈር ነው። የአንድ ዘውድ መጨረሻ የሁለት ሰፈር መንገድ እንኳ አልፈጀም። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ወጣ፤ ልብ በሉ፣ ሐምሌ 19 ማለት ገብርኤል ቂርቆስንና ኢየሉጣን ያዳነበት የንግሥ በዓል ነው። አያቴ ከቤተ ክርስቲያን ነጠላዋን እንዳጣፋች ተመልሳ ሬዲዮኑን ሰማች። ካዛንቺስ ውስጥ ተከራይ ነበረች። «ገብርኤል አወጣን» አለች። ግቢው ውስጥ የነበሩት ባለቤቲቱ ደግሞ በዚያው ሰዓት በራቸውን ዘግተው ያለቅሱ ነበር። እስከ 300 ብር የሚከራይ ቤት ኪራዩ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ፤ ከ100 ብር በታች የሚከራየው ለቀበሌ ገባ። «የቀበሌ ቤት» የሚባል ነገር የተወለደው ያን ቀን ነው፤ እኔም በእሱ ውስጥ አደግኩ።

የራሴ ትዝታ የሚጀምረው ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ስላለው ክፉ ነገር የማውቀው በትልልቆቹ ሹክሹክታ ነው፤ ሊቀመንበር መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሚያዝያ 1969 አብዮት አደባባይ ላይ ደም የሞሉ ጠርሙሶች መከስከሳቸውን፣ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ውጭ ኮቴ ሲሰማ እናቴ ኩራዙን እፍ ብላ ታጠፋ እንደነበር። «አብዮት አደባባይ» አልኩ አይደል? አያችሁ፣ አመለጠኝ። እናቴ «መስቀል አደባባይ» ትላለች፣ የእህቴ ልጅም «መስቀል አደባባይ» ትላለች። መሀል ላይ ያለነው ብቻ ነን የምንሳሳተው።

የልጅነቴ ትልቁ ሥራ ሰልፍ ነበር። ሊነጋጋ ሲል ወደ ቀበሌው ኅብረት ሱቅ እላካለሁ። ሰውየው ራሱ መቆም የለበትም፤ ድንጋይ ይቆምለታል። ዘንቢል ያለው ዘንቢል፣ ጀሪካን ያለው ጀሪካን፣ የሌለው ድንጋይ ያስቀምጥና ዞር ይላል። ድንጋዮቹ የጌቶቻቸውን መልክ ያወጣሉ፤ የእማማ እንትና ድንጋይ የትኛው እንደሆነ ዛሬም ለይቼ አሳያችኋለሁ። ሌሊት አንዱ ተነሥቶ ተራ አዛብቶ ከተገኘ ጠብ ነው። እኔ አንድ ጊዜ የጓደኛዬን ድንጋይ በእግሬ ገፋ አድርጌ የእኔን ወደፊት አመጣሁ። ስኳር እኛ ጋ ሲደርስ አለቀ፤ ለማንኛችንም አልበጀን። ለእናቴ ግን «ተራዬን ወሰዱብኝ» ነው ያልኳት። ይኸው አሁን ተናዘዝኩ።

በሐምሌ 1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻው ተጀመረ። እኔ በዚያው ሰሞን የኔታ ዘንድ ፊደል እቆጥር ነበር፤ የተስፋ ገብረ ሥላሴን የፊደል ገበታ በስንደዶ እየነካሁ። አያቴ ደግሞ ማታ ማታ ቀበሌ ትሄዳለች። አርባ ሊሞላት ነው። ቤት ስትመለስ «ሀ» እና «ሐ» ለምን ሁለት እንደሆኑ ትጠይቀኛለች፣ እኔም እንደ የኔታ ኮስተር ብዬ «ዝም ብለሽ ያዢው» እላታለሁ። ፊርማዋን ስትማር የመጀመሪያዋን ወረቀት አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አኖረችው። አያቴ ቀበሌ መታወቂያዋን ስታሳድስ ጣቷን ቀለም ነክራ ሳይሆን በብዕር የፈረመችው ከዚያ የተነሣ ነው።

ጨዋታችን ገንዘብ አያስወጣም። ብይ፣ አባሮሽ፣ ኩኩሉ፤ ለሴቶቹ ሱዚና ሰኞ ማክሰኞ። ቆርኪ ለቅመን ሐዲዱ ላይ እንደረድርና ባቡሩ እስኪያልፍ ጥግ እንይዛለን። ባቡሩ ካለፈ በኋላ ቆርኪው እንደ ወረቀት ሳስቶ፣ ትኩስ ሆኖ ይገኛል። መሀሉን በሚስማር በስተን ሁለት ቀዳዳ እናወጣለታለን፤ ክር አስገብተን ስናዞረው እንደ ንብ ይጮኻል። ዳሩ ስለት ነውና ስንት ጣት ቆርጧል። እግራችን ላይ ኮንጎ ጫማ፣ ማለትም የላስቲክ ጫማ፤ ፀሐይ ሲበረታ እግር ውስጡ ይቀቀላል። ስሙኒ ካለህ ሱቅ ሄደህ ደስታ ከረሜላ ትገዛለህ፣ ወረቀቱን አትጥለውም፤ በጥፍርህ አለስልሰህ ደብተርህ ውስጥ ታኖረዋለህ። አንዳንዴ ሳስበው ከከረሜላው ይልቅ ወረቀቱን ነበር የምንወደው።

የዚያን ዘመን ልጅ በጆሮው ነው ያደገው። ምሩጽ ይፍጠር በሐምሌ 1972 ሞስኮ ላይ በአምስትና በአሥር ሺህ ሜትር ሁለት ወርቅ ሲወስድ እኛ ቤት አንድ ትራንዚስተር ሬዲዮ ላይ አሥራ አምስት ሰው አጎንብሶ ነበር። በማግስቱ ሰፈሩ ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ልጅ አልነበረም፤ ሁሉም ይሮጣል፣ ሁሉም መጨረሻ ላይ «ማርሽ» ይቀይራል። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ደግሞ ወጡ ያራል። እስከዛሬ መጽሐፉን ስገልጥ የምሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው፤ መጽሐፉን ዓይኑ ብቻ ካነበበው ሰው የምለየውም በዚህ ነው። በታኅሣሥ 1980 ኢትዮጵያ የሴካፋን ዋንጫ ዚምባብዌን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፋ ስትወስድ የደምሴ ዳምጤ ድምፅ በሬዲዮ ሲሰበር፣ የስታዲየሙ ጩኸት ግን በሬዲዮ ሳይሆን በቀጥታ ጨርቆስ ድረስ መጣ። ከተመልካች መቀመጫዎቹ ካታንጋ ይሁን ሚስማር ተራ እንጃ፤ ቆርቆሯችን ሲንቀጠቀጥ ሰምቻለሁ።

መሀል ላይ 1977 አለ። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል ከተማዋ ቀለም ተቀባች፤ የእኛን መንደር ከዋናው መንገድ የሚጋርድ የቆርቆሮ አጥር ተገተረ፤ አደባባዩ ላይ ማርክስ፣ ኤንግልስና ሌኒን በትልቁ ተሰቀሉ። ቴሌቪዥኑም ለበዓሉ ባለ ቀለም ሆነ። በዚያው ዓመት ሰሜን ውስጥ ሰው በረሃብ እየረገፈ ነበር፤ እኛ ልጆቹ ያንን የሰማነው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። አጥሩን እኔ ወደድኩት፤ ኳስ የማታልፈው ግድግዳ ሆነልን። ይህን ስጽፍ ግን ትንሽ ያሳፍረኛል።

ሌኒን ራሱ የእኛ ጎረቤት ነበር። ሐውልቱ ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ፣ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት እርምጃ ጀምሮ ነበር የቆመ። «ወዴት ነው የሚሄደው?» ሲባል «ወደ ቦሌ» ይባል ነበር፤ አገር ጥሎ ሊወጣ ነው ማለት ነው። የጨርቆስ ቀልድ እንዲህ ነው፣ በዝቅታ ይነገራል። ግንቦት 13 ቀን 1983 መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በቦሌ በኩል ወጡ፤ በሁለተኛው ቀን ሌኒን ወረደ። ግንቦት 20 ንጋት ላይ ታንኮች ከላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ደጃፍ ሲታኮሱ ካዛንቺስ አልጋ ሥር ነበረች። እኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ልጅነቴ ያን ቀን አበቃ ብል የቃል ማሳመር አይሆንብኝም።

ከእኔ ቀጥሎ የመጡት ሌላ ናቸው፤ ስለ እነሱ የማወራው ብዙ አይደለም፣ የራሳቸው ጸሐፊ አላቸው። ሰልፋቸው ቪዲዮ ቤት ነበር፦ ጨለማ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ የህንድ ፊልም። እሁድ ደግሞ የቴሌቪዥኑ «120» ፕሮግራም። ኃይሌ ሲድኒ ላይ ቴርጋትን በደረት ቀድሞ ሲገባ፣ በመስከረም 1993፣ ያለቀሱት እነሱ ናቸው፤ ለእነሱ ምሩጽ የአባት ወሬ ነው። ካዛንቺስ በዚያ ዘመን የአዝማሪ ቤት ሰፈር ሆነች፤ ፈንዲቃን የመሰሉ ቤቶች ከባሕር ማዶ እንግዳ ይጎርፍላቸው ጀመር። ከ1995 ወዲህ «ከፍተኛ» ቀርቶ «ክፍለ ከተማ» መጣ። አሮጌው ባቡርም በ2000ዎቹ ድምፁ ጠፋ። በ2008 መስከረም ላይ የከተማው ባቡር በድልድይ ላይ ማለፍ ሲጀምር፣ የእህቴን ልጅ ይዤ ላሳያት ወጣሁ። «ፉጨት የለውም?» ብዬ ጠየቅኩ፤ እሷ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባትም።

በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ደረሰ። የቀበሌ ቤቶቹ ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ፣ ሰዉ ዕቃውን ጫነ፣ ብዙው ወደ ገላን ጉራ ሄደ። ፈንዲቃም በዚያው ሰሞን ፈረሰ። አያቴ ካረፈች ቆይታለች፤ የኖረችበትን ቤት ሲያፈርሱት ቆሜ አየሁ። ከግድግዳው ሥር የተገኘው ነገር ሁሉ ተራ ነበር፦ የጠጅ ብርሌ ስባሪ፣ አንድ የዛገ የሽቦ መኪና፣ ባለ አንበሳ ሳንቲም። ሳንቲሙን አነሣሁት። ሃያ አምስት ነው፣ 1969 ይላል። ለእህቴ ልጅ ሰጠኋት፣ «ስሙኒ ይኸው» ብዬ።

ባለፈው ክረምት ገላን ጉራ የሄደች አንዲት የድሮ ጎረቤታችንን ጠየቅናት። ልጅ ወልዳለች። ሕፃኗ አልጋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። የእህቴ ልጅ ጎንበስ ብላ «ስንት ወሯ ነው?» አለች።

«ከካዛንቺስ በተነሣን በስድስተኛው ወር ነው የወለድኳት» አለች እናቲቱ።

አገሪቱ ልደትን በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረችው በሐምሌ 2008 ነው። የሕፃኗ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ቀኑና ወሩ ተሞልቶ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለችው ቦርሳ ውስጥ ነበር።